ስንት ቢት በርቷል? የሌላ ሰው ኮድ በእርሳስ ስለ መመርመር

የዚህ እትም የኮምፒውተር ዓምዳችን ስለ አንድ በጣም አጭር ፕሮግራም ነው። 13 መስመር ብቻ ናት። ሥራዋም ለሚሰማው ቀላል ነው፤ ሜሞሪ ውስጥ ያሉትን ቢቶች አንድ በአንድ እያየች ስንቶቹ 1 እንደሆኑ ትቆጥራለች። ፕሮግራሟ ያለ ስህተት ኮምፓይል ትሆናለች፣ ስትሞከርም ትክክለኛ መልስ ሰጥታለች። ሆኖም ሁለት ጥፋት አለባት። ሦስተኛው ጥፋት ደግሞ ከአጠቃቀሟ ይመጣል። ኮምፒውተር የማታስተምሩ መምህራንም ብታነቡት አይከፋም፤ ነገሩ ስለ ስም መዝገብ ነውና።

ከመዝገቡ እንጀምር። በወረቀት ላይ ተማሪው ከመጣ ✓ እናደርጋለን፣ ከቀረ ባዶ እንተወዋለን። ኮምፒውተር ውስጥ ይህንኑ በአንድ ቢት መጻፍ ይቻላል። 1 ከሆነ መጥቷል፣ 0 ከሆነ ቀርቷል። 1 የሆነውን ቢት «የበራ»፣ 0 የሆነውን «የጠፋ» እያልን እንቀጥል። አንድ ባይት 8 ቢት ስለሆነ 8 ልጆችን ይይዛል። የመጀመሪያው ልጅ ቀኝ ዳር፣ ስምንተኛው ግራ ዳር ይቀመጣል። ለምሳሌ 10000001 ብሎ የተጻፈ ባይት አንደኛውና ስምንተኛው ልጅ መጥተዋል፣ በመሃል ያሉት ስድስቱ ቀርተዋል ማለት ነው። 60 ልጅ ላለው ክፍል 8 ባይት ይበቃል። 100 ልጅ ላለው (በካምፕ ትምህርት ቤት 100 ልጅ አንድ ክፍል ውስጥ መቀመጡ ብርቅ እንዳልሆነ ታውቃላችሁ) 13 ባይት ያስፈልጋል።

እውነቱን ለመናገር ሜሞሪ ለመቆጠብ ብሎ ይህን ማድረግ ዛሬ ትርጉም የለውም። 100 ልጅ በ100 ባይት ቢጻፍ ማንም አይጎዳም። ጥቅሙ ሌላ ነው፤ የትናንቱንና የዛሬውን መዝገብ በአንድ ትእዛዝ ማወዳደር ይቻላል። በዚያ ላይ ዘዴው በየቦታው ያጋጥማችኋል። የሊኑክስ የዲስክ አደረጃጀት የትኛው የዲስክ ክፍል ተይዟል፣ የትኛው ነፃ ነው የሚለውን በዚሁ መንገድ በአንድ አንድ ቢት ይመዘግባል። ኔትወርክ የተማራችሁም 255.255.255.0 ለምን «24» ተብሎ እንደሚጠራ ታስታውሳላችሁ። በውስጡ የበሩትን ቢቶች ብትቆጥሩ 24 ስለሚሆኑ ነው።

አሁን ወደ ኮዱ። ተማሪዎች በቡድን ሆነው ከሠሯቸው አንዱ ይህን ይመስላል። የሲ ቋንቋን ቃላት በእኛው ፊደል ጽፌያቸዋለሁ፤ ኪቦርድ ላይ ስትጽፉ በእንግሊዝኛው እንደሆነ አትርሱ። መስመሮቹን ቁጥር የሰጠኋቸው በኋላ ለመጥቀስ እንዲያመች ነው።

1 ኢንት ቁጠር(ቻር መዝገብ[])
2 {
3 ኢንት ድምር = 0, ቁ;
4 ቻር ባ;
5 ፎር (ቁ = 0; ቁ < ሳይዝኦፍ(መዝገብ); ቁ++) {
6 ባ = መዝገብ[ቁ];
7 ዋይል (ባ != 0) {
8 ድምር = ድምር + (ባ & 1);
9 ባ = ባ >> 1;
10 }
11 }
12 ሪተርን ድምር;
13 }

አካሄዱ ጥሩ ነው። ከመዝገቡ አንድ ባይት ያነሳል (መስመር 6)። ቀኝ ዳር ያለው ቢት በርቶ ከሆነ ድምሩ ላይ 1 ይጨምራል (መስመር 8)። ከዚያ ሁሉንም ቢቶች አንድ እርምጃ ወደ ቀኝ ይገፋል (መስመር 9)። ባይቱ ባዶ እስኪሆን ይህንኑ ይደጋግማል። ባዶ ሲሆን ወደሚቀጥለው ባይት ይሄዳል።

ቡድኑ ይህንን 60 ልጅ ባለው መዝገብ ሞከረው። 64 ቢት ሲስተም በተጫነበት ራስበሪ ፓይ ላይ ልክ ሠራ። ያንኑ ፋይል ወደ ዴስክቶፑ ወስደው ሲያስነሱት ግን ፕሮግራሙ ተገትሮ ቀረ። ስህተት ነው የሚል ጽሑፍ የለም፣ መልስም የለም። «ዴስክቶፑ አርጅቷል» ተባለ። ዴስክቶፑ ማርጀቱ እውነት ነው፤ ጥፋቱ ግን የእሱ አይደለም።

መስመር 4ን እንደገና እዩት። «ቻር» ብቻ ብሎ ነው የተወው። የሲ ቋንቋ ደንብ ቻር ኔጌቲቭ ቁጥር መያዝ ይችላል ወይስ አይችልም የሚለውን ለኮምፓይለሩ ትቶታል። በኢንቴልና በኤኤምዲ ፕሮሰሰር የሚሠራ ሊኑክስ ላይ ጂሲሲ ኔጌቲቭ ይይዛል ብሎ ይወስዳል። እንደ ራስበሪ ፓይ ባሉ የኤአርኤም ማሽኖች ላይ ደግሞ አይዝም ብሎ ይወስዳል። ሁለቱም ደንቡን አልጣሱም።

ኔጌቲቭ በሚይዘው ማሽን ላይ ግራ ዳር ያለው ቢት ዋጋ 128 ሳይሆን -128 ነው። ስለዚህ ያ የቅድሙ 10000001 እዚያ ማሽን ላይ -127 ይሆናል። አሁን እርሳስና ወረቀት ያዙና መስመር 9ን በእጃችሁ ሥሩት። ኔጌቲቭ ቁጥር ወደ ቀኝ ሲገፋ ጂሲሲ በግራ በኩል የሚከፈተውን ቦታ በ0 አይሞላውም፤ ቁጥሩ ኔጌቲቭ ሆኖ እንዲቆይ በ1 ይሞላዋል። እንግዲህ፦

10000001
11000000
11100000
11110000

እያለ ይሄድና 11111111 ላይ ይደርሳል። ከዚያስ? አንድ እርምጃ ስትገፉት በቀኝ አንድ 1 ይወጣል፣ በግራ አንድ 1 ይገባል፤ ያው 11111111። መቼም 0 አይሆንም። መስመር 7 ደግሞ የሚጠብቀው 0ን ነው። ፕሮግራሙ የተገተረው ለዚህ ነው።

እዚህ ላይ አንድ የሚያስገርም ነገር አለ። ችግሩ የሚነሳው በስምንተኛው፣ በአሥራ ስድስተኛው፣ በሃያ አራተኛው... ልጅ ብቻ ነው። እነዚህ ልጆች ሁሉ የቀሩበት ቀን ቢኖር ዴስክቶፑም ላይ ፕሮግራሙ በደህና ይሠራል። አምስት ልጅ ባለው የሙከራ መዝገብ ብትሞክሩትማ ምንም አይታያችሁም። «ትናንት ይሠራ ነበር እኮ!» የሚባለው አነጋገር ብዙ ጊዜ እንዲህ ካለ ቦታ ነው የሚመጣው።

መፍትሔው አንድ ቃል ነው፤ ቻር የሚለውን መስመር 1 ላይም መስመር 4 ላይም «አንሳይንድ ቻር» ማድረግ። አንሳይንድ ማለት ኔጌቲቭ የሌለው ማለት ነው፤ ያኔ ሲገፋ በግራ የሚገባው ሁልጊዜ 0 ነው። ከርኒጋንና ሪቺ ስለ ሲ ቋንቋ በጻፉት መጽሐፍ ውስጥም ቢት የሚቆጥር ፈንክሽን አለ። እዚያም ቁጥሩን አንሳይንድ ያደረጉት በዚሁ ምክንያት እንደሆነ በግልጽ አስረድተዋል። እኔ ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ (ሳልጨርስ ብወጣም) ያንን መጽሐፍ በፎቶኮፒ ነበር የምንካፈለው፤ ቀጭን ነው፣ ግን እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ሥራ አለው።

አንዳንዱ ተማሪ ግን ሌላ መንገድ ይመርጣል። መገፋቱ ነው ችግር የፈጠረው ብሎ መገፋት የሌለበትን ዘዴ ያመጣል። ዘዴው ይህ ነው፦

ን = ን & (ን - 1)

ይህቺ መስመር በተሠራች ቁጥር ከበሩት ቢቶች ውስጥ ወደ ቀኝ የቀረበው አንዱ ይጠፋል። እስኪያልቁ ስንት ጊዜ እንደሠራች ከቆጠርን መልሱ እሱ ነው። ብዙ ተማሪ በቃሉ ይይዛታል፤ ለምን እንደምትሠራ ግን ሲጠየቅ ዝም ይላል። ነገሩ ከአንደኛ ደረጃ ሒሳብ አያልፍም። ከ4000 ላይ 1 ቀንሱ፤ 3999 ነው። በቀኝ ያሉት ዜሮዎች ሁሉ ወደ 9 ተቀየሩ፣ 4ቷ ብድር ስለሰጠች በአንድ ቀነሰች፣ ከእሷ በስተግራ ሌላ ቁጥር ቢኖር ኖሮ አይነካም ነበር። በሁለት አሃዝ ቁጥር ሲሆን ደግሞ ብድር የሰጠችው 1 ወደ 0 ትወርዳለች፣ በስተቀኟ ያሉት ዜሮዎች ወደ 1 ይወጣሉ፦

101100 (44)
101011 (43)

ሁለቱን በ«&» ስናያይዛቸው በሁለቱም ላይ የበራ ብቻ ይቀራል፤ 101000 ማለትም 40። ቀጥሎ 40ን ከ39 ጋር፦ 100000 ማለትም 32። ቀጥሎ 32ን ከ31 ጋር፦ 0። ሦስት ጊዜ ሠራን፤ 44 ውስጥ የበሩት ቢቶችም ሦስት ናቸው። ብዙዎች የከርኒጋን ዘዴ ይሉታል፤ በከርኒጋንና ሪቺ መጽሐፍ ሁለተኛ እትም (እ.ኤ.አ. 1988) ውስጥ የመልመጃ ጥያቄ ሆኖ ስለወጣ ነው። ነገር ግን ፒተር ዌግነር የተባለ ሰው እ.ኤ.አ. በ1960 አሳትሞታል። ያኔ ሲ ቋንቋ ገና አልተወለደም ነበር።

ዘዴዋ ቆንጆ ናት፤ ቻርን ካላስተካከልን ግን አታድነንም። እንዲያውም ነገሩን ታብሰዋለች። ተማሪው ን የምትለዋን ኢንት ያደርግና ከመዝገቡ ያነሳውን ቻር እሷ ውስጥ ይከታል እንበል። ባይቱ 10000000 ቢሆን፣ ማለትም ስምንተኛው ልጅ ብቻውን ቢመጣ፣ በዴስክቶፑ ላይ ይህ -128 ነው። -128 ወደ 32 ቢት ኢንት ሲሰፋ ኔጌቲቭነቱን እንዲጠብቅ በግራ በኩል 24 አዲስ 1 ይጨመርለታል። ፕሮግራሙ አንድ ልጅ አይቶ 25 ብሎ ይቆጥራል! 8ቱም ልጆች ቢመጡ ደግሞ 32 ይላል። የቅድሙ ተገትሮ ስለቀረ ቢያንስ አንድ ነገር እንደተበላሸ ነግሮናል። ይሄኛው ግን መልስ ይሰጣል፤ መልሱም ቁጥር ስለሆነ ሰው ይቀበለዋል።

ሰንጠረዥ የሚጠቀሙም አሉ። ለ256ቱ የባይት ዓይነቶች ስንት ቢት እንደበራ አስቀድመው ጽፈው በባይቱ ዋጋ ቦታውን ይፈልጋሉ። ባይቱ -1 ከሆነ ከሰንጠረዡ መጀመሪያ በፊት ያለውን ሜሞሪ ያነባሉ ማለት ነው። እዚያ ምን እንዳለ ማን ያውቃል? ጂሲሲ «ሰረዝ ደብሊው ኦል» በሚለው አማራጭ ሲነሳ በቻር ሰንጠረዥ ውስጥ ስትፈልጉ ያስጠነቅቃል። ሁልጊዜ በዚህ አማራጭ እንድታስነሱት አደራ እላለሁ።

ወደ ሁለተኛው ጥፋት እንሂድ፤ በእኔ አስተያየት ከሁሉም የከፋው ይህ ነው። መስመር 5 ላይ «ሳይዝኦፍ(መዝገብ)» የሚለውን የጻፈው ተማሪ የመዝገቡን ርዝመት በባይት እጠይቃለሁ ብሎ ነው። ነገር ግን በሲ ቋንቋ አሬይ ለፈንክሽን ሲሰጥ አሬዩ ራሱ አይሄድም፤ የሚሄደው አድራሻው ነው። ፖይንተር እንለዋለን። ለአንድ እንግዳ የመጋዘኑን በር ቁጥር ብትነግሩት ውስጡ ስንት ጆንያ እንዳለ አያውቅም። ስለዚህ ሳይዝኦፍ እዚህ ቦታ ላይ የሚመልሰው የፖይንተሩን መጠን ነው፤ በ64 ቢት ማሽን 8፣ በ32 ቢት ማሽን 4።

አሁን አስሉ። 60 ልጅ ያለው መዝገብ ስንት ባይት ነበር? 8። የፖይንተሩስ መጠን? 8። ሙከራው ትክክል የወጣው በአጋጣሚ ነው! ይህን ፕሮግራም 100 ልጅ ላለው ክፍል ብትሰጡት ግን ከ13ቱ ባይት 8ቱን ብቻ አይቶ ያቆማል። 8 ጊዜ 8 ደግሞ 64 ነው። ከ65ኛው እስከ 100ኛው ያሉት 36 ልጆች ቢመጡም ባይመጡም አይቆጠሩም። ፕሮግራሙ አይገተርም፣ እንደ 25ቱ የማይመስል ቁጥርም አያወጣም። «ዛሬ 58 መጡ» ይላል፤ ሰውም «ዛሬ ዝናብ ስለነበር ይሆናል» ይላል። ደብተርና እስክሪብቶ የሚጠየቀው በየቀኑ በመጣው ልጅ ቁጥር ቢሆን ምን እንደሚከተል መምህራን ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። እነዚያ 36ቱ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ዘግይተው የተመዘገቡት፣ አዲስ የመጡት ልጆች ናቸው፤ መዝገብ የሚሞላው ከላይ ወደ ታች ስለሆነ።

አዲሶቹ የጂሲሲ እትሞች በዚህ መስመር ላይ ሳትጠይቋቸው ማስጠንቀቂያ ያወጣሉ። ችግሩ ማስጠንቀቂያ ፕሮግራሙን አያስቆምም፤ ተማሪው ደግሞ «ኤረር አይደለም» ብሎ ያልፈዋል። የሌላ ሰው ኮድ ስትመረምሩ በመጀመሪያ ራሳችሁ ኮምፓይል አድርጉትና የወጣውን ሁሉ አንብቡ። መፍትሔው ርዝመቱን ከውጭ መስጠት ነው። ሁለቱም ሲስተካከሉ ኮዱ ይህን ይመስላል፦

1 ኢንት ቁጠር(ኮንስት አንሳይንድ ቻር *መዝገብ, ሳይዝ_ቲ ርዝመት)
2 {
3 ኢንት ድምር = 0;
4 ሳይዝ_ቲ ቁ;
5 አንሳይንድ ቻር ባ;
6 ፎር (ቁ = 0; ቁ < ርዝመት; ቁ++)
7 ፎር (ባ = መዝገብ[ቁ]; ባ != 0; ባ = ባ & (ባ - 1))
8 ድምር++;
9 ሪተርን ድምር;
10 }

«ኮንስት» የምትለዋ ቃል ይህ ፈንክሽን መዝገቡን ያነባል እንጂ አይነካውም የሚል ቃል ኪዳን ናት። ቆጣሪ መዝገብ አይሰርዝም፤ ጥሩ ልማድ ነው።

ሦስተኛው ጥፋት ኮዱ ከተስተካከለ በኋላም የሚመጣ ነው። 13 ባይት 104 ቢት ይይዛል፤ ልጆቹ ግን 100 ናቸው። 4 ትርፍ ቢት አለ። የመጡትን ስትቆጥሩ ትርፎቹ ጠፍተው እስካሉ ድረስ ችግር የለም። አሁን ግን አንድ ሰው የቀሩትን ለመቁጠር ያስብና እያንዳንዱን ባይት በ«~» ይገለብጣል። የበራው ይጠፋል፣ የጠፋው ይበራል፤ ከዚያ የበሩትን ይቆጥራል። ሐሳቡ ጥሩ ነው። ነገር ግን 4ቱ ትርፍ ቢቶችም አብረው ይበራሉ። 100ው ልጆች ሁሉ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው ፕሮግራሙ 4 ቀርተዋል ይላል። የሌሉ 4 ልጆች በየቀኑ ይቀራሉ ማለት ነው! ቤታቸው ሄዶ የሚጠይቅ ሰው ቢላክ ማንን ያገኛል? ስለዚህ የመጨረሻውን ባይት ከገለበጣችሁ በኋላ በ15፣ ማለትም በ00001111፣ «&» አድርጉት፤ ትርፎቹ ይጠፋሉ። ወይም ደግሞ ከ100 ላይ የመጡትን ቀንሱ። እኔ ብሆን መቀነሱን እመርጣለሁ። ለ«~» ሌላም ጥንቃቄ አለ፤ ሲ ከመገልበጡ በፊት ባይቱን ወደ ኢንት ስለሚያሰፋው ውጤቱን መልሳችሁ አንሳይንድ ቻር ውስጥ ካልከተታችሁት እነዚያ የቅድሞቹ 24 አንዶች ተመልሰው ይመጣሉ።

ስለ ፍጥነት የሚጠይቁ ተማሪዎች አሉ። አጭሩ መልስ ለ100 ልጅ ማንም ፍጥነት አያስፈልገውም የሚል ነው። ግዙፍ መረጃ ለሚቆጥሩ ግን ማሽኑ ራሱ ይህን ሥራ በአንድ ትእዛዝ ይሠራል። እ.ኤ.አ. በ1964 የወጣው ሲዲሲ 6600 ኮምፒውተር እንኳ ትእዛዙ ነበረው። በግል ኮምፒውተሮች የገባው ዘግይቶ ነው፤ ኤኤምዲ በ2007፣ ኢንቴል በ2008 ባወጧቸው ፕሮሰሰሮች። ፍጥነት ፈልጋችሁ ባይቶቹን አራት አራት እያደረጋችሁ ልታነቡ ከፈለጋችሁ ግን 13 ለ4 እንደማይካፈል አስታውሱ፤ የመጨረሻዋን አንድ ባይት ለብቻዋ መቁጠር አለባችሁ፣ አለበለዚያ ወይ ትረሷታላችሁ ወይ ከመዝገቡ ውጭ ታነባላችሁ።

ኮድ ስትመረምሩ የምትሰጡትን ሙከራ ምረጡ። ደስ ያላችሁን ቁጥር መስጠት አይበቃም። ሁሉም የጠፋበት መዝገብ ስጡት፣ ሁሉም የበራበት ስጡት፣ ግራ ዳሩ ብቻ የበራ ባይት ስጡት፣ የመጨረሻው ልጅ ብቻ የመጣበት መዝገብ ስጡት። መልሱን ፕሮግራሙን ከማስነሳታችሁ በፊት በወረቀት ጻፉ። ያ የመጀመሪያው ኮድ 100ኛው ልጅ ብቻ የመጣበት መዝገብ ቢሰጠው ኖሮ 0 ይል ነበር፤ ጥፋቱም በአንድ ደቂቃ ይታወቅ ነበር።

ለልምምድ፦ እያንዳንዳቸው 13 ባይት የሆኑ ሁለት መዝገቦች አሉ፤ አንዱ የትናንት፣ አንዱ የዛሬ። ሀ) ትናንት መጥተው ዛሬ የቀሩትን ልጆች የሚቆጥር ፈንክሽን ጻፉ። ለ) እዚህ ላይ 4ቱ ትርፍ ቢቶች ችግር ይፈጥራሉ ወይስ አይፈጥሩም? ምክንያቱን በሁለት መስመር አስረዱ። ሐ) ኮዳችሁን ከጓደኛችሁ ጋር ተቀያየሩና አንዱ የሌላውን በእርሳስ ይመርምር። ኮምፒውተር ክፍሉ ውስጥ ተራ እስኪደርሳችሁ ወረቀቱ ላይ መሥራት ትችላላችሁ። መልሱን በሚቀጥለው እትም እንመለስበታለን፤ በደንብ የተብራራ መልስ ያመጡትን ተማሪዎች ሥራም በዚሁ ዓምድ እናወጣለን።